የአጓ ልጅ ብርቱካን ተማረች

አባንግ ነርስ ልትሆን ነበር ዩኒቨርሲቲ የገባችው። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እናቷ ታውቃለች፣ ጋምቤላ ያሉት የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን በሙሉ ያውቃሉ፤ ያላወቀው የትምህርት ክፍል የሚመድበው ሰው ብቻ ነው። አንደኛ ዓመት አልቆ ተማሪው በየክፍሉ ሲበተን ነርሲንግ ሞላ፣ ሕግ ሞላ፣ አካውንቲንግ እንኳ ሳይቀር ሞላ። ወንበር የተረፈው አንድ ቦታ ሆነና አባንግ እዚያ ተቀመጠች። ስፓኒሽና ፖርቹጊዝ። ከክፍሉ ተማሪዎች ወዶና ፈልጎ የመጣ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም በኳስ ምክንያት ነው።

ለእናቷ ለአጓ የደወለችው በዚያው ዕለት ነው። አጓ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። ስልክ ስታወራ ትጮኻለች፤ ኔትወርኩን አታምነውም፣ ድምጿን ግን ታምነዋለች።

«ምን ደረሰሽ?» አለች በአኝዋክኛ።

«ስፓኒሽ የሚባል አለ፣ ከሱ ጋር ደግሞ የፖርቱጋል…» አለች አባንግ፤ መስመሩ ተንኮሻኮሸ።

እዚህ ላይ ስለ አባንግ አያት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሰውየው በጉብዝናቸው ዘመን፣ ከሱዳን በባሮ ወንዝ መርከብ ይመጣ በነበረ ጊዜ፣ ወደቡ ላይ ዕቃ ተሸካሚ ነበሩ። ከነጋዴዎቹ ያገኙት ሀብት አልነበረም፤ ያገኙት ዓረብኛ ነው። እሱንም እየቆነጠሩ ቤት አስገቡት። ስለዚህ በአጓ ቤት ስኳር በዓረብኛ ነው የሚጠራው፣ ሳሙና በዓረብኛ ነው፣ ብርቱካንም ከጥንት ጀምሮ «ቡርቱጋል» ነው። አጓ ስፓኒሹን አልሰማችውም። ብትሰማውም የማዳበሪያ ስም ነው ብላ ታልፈው ነበር። ቡርቱጋልን ግን ጥርት አድርጋ ሰማች።

«ቡርቱጋል!» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን!» ስልኩም ተቋረጠ።

እሑድ አጓ በጉባኤ መካከል ተነስታ ምስክርነት ሰጠች። ልጄ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቡርቱጋል ልትማር ተመደበች አለች። ፓስተር ፒተር ቃሏን ለደገኞቹ ምእመናን ወደ አማርኛ ሲተረጉሙ ሳያመነቱ «ብርቱካን» አሉ። ሃሌ ሉያ ተባለ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ነገሩ በሁለት ቋንቋ የጸደቀ ሆነ።

አባንግ ለማረም አልሞከረችም ማለት አይቻልም። «እማ፣ እንደዚያ እኮ አይደለም…» ብላ ጀምራ ነበር በሚቀጥለው ሳምንት። እናቷ «አውቃለሁ፣ ከባድ ነው፤ በርቺ» ብላ ጸሎት አደረገችላት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጆሮ ወለምታማ በምን እንደሚታሽ እስከ ዛሬ የተናገረ የለም።

እውነቱን ለመናገር ደግሞ አፍራ ነው ዝም ያለችው። አጓ ዓሣ የምትሸጠው በአኝዋክኛ፣ በኑዌርኛ፣ በአማርኛና በዓረብኛ ነው። አማርኛዋ ላይ ሴት የሚባል ነገር የለም፤ ፓስተሩም አንተ ናቸው፣ ልጇም አንተ ናት፣ ፍየሏም አንተ ናት። ማንም ተቀይሟት አያውቅም፤ ዓሣውም ተሽጦ ያድራል። እንዲህ ላለች እናት «ቋንቋ ልማር ነው አዲስ አበባ የመጣሁት» ማለት፣ ባሮ ዳር ተወልዶ ውሃ ፍለጋ አገር ማቋረጥ ነው። እና ዝም አለች። ዝም ባለች ቁጥር ብርቱካኑ እየበሰለ ሄደ።

የባሰው ነገር ደግሞ ትምህርቱን መውደዷ ነው። መምህርቷ ብራዚላዊት ነበረች፤ ቋንቋውን ስትናገር የምታባብል ይመስላል። አባንግ በሁለተኛው ዓመት በፖርቹጊዝ መቀለድ ቻለች፤ በሦስተኛው መናደድ ቻለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ጋምቤላ ለዕረፍት ስትመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቃት ስለ ፍሬው እንጂ ስለ ግሡ አልነበረም። አንድ ሰው እንኳ «እስቲ ተናገሪው» ብሏት አያውቅም፤ ብርቱካን አይናገርማ።

ተመርቃ መጣች። ሥራ ፍለጋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄዳ ስፓኒሽ የሚናገር ሰው ያስፈልጋችሁ እንደሆነ ጠየቀች። አንድ ደግ ሠራተኛ አስቦ፣ ቆጥሮ፣ «ስፔናዊ አልፎ አልፎ ይመጣል» አላት፤ «ግን እንግሊዝኛ ይችላል።» በየድርጅቱ በር ዞረች። ቋንቋሽ ምንድን ነው ሲሏት ትናገራለች፤ ከዚያ ሌላስ ይሏታል።

ቤት ደግሞ ባጃጅ የሚነዳው ወንድሟ ኒካው አለ። እሱ እውነቱን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ እንደ ከረሜላ በአፉ ይዞት ነው የኖረው። «ዶክተር ብርቱካን» ብሎ ስም አወጣላት። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነውና ሰፈሩ ያለ ምንም ሳቅ ተቀበለው። ጎረቤታቸው ኛቾል አንድ ቀን ጠዋት ጠውላጋ የፓፓያ ችግኝ ታቅፋ መጣች። አባንግ ትክ ብላ አየችውና «ውሃ አጠጭው» አለቻት። በጋምቤላ ሙቀት ይህ ምክር ለማንኛውም ነገር ይሠራል። ፓፓያው ዳነ። የአባንግም ነገር በዚያው ከፋ።

ከዚያ አጓ ከገበያ ስትመለስ ነገሩን አወረደችው።

«ቅዳሜ ደመቀች ዘንድ እንሄዳለን» አለች ቅርጫቷን እያስቀመጠች። «ዛፎቿ ታመዋል።»

ደመቀች የአጓ የገበያ ጓደኛ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው በአቦቦ መንገድ ላይ ከሰፈሩት አንዷ ስትሆን፣ ብርቱካኗን ይዛ ትመጣና ከአጓ ዓሣ ጎን ትዘረጋለች። ዛፎቹ ቅጠላቸው ቢጫ መሆን ከጀመረ ከርሟል። ባሏ እንየው ቆርጦ ጥሎ በቦታው በቆሎ ሊዘራ መጥረቢያውን ስሎ ነበር። ይህን ጊዜ አጓ ጣልቃ ገባች፤ «አትቁረጥ፣ የኔ ልጅ ይመጣል» አለች በአማርኛዋ። እንየው መጥረቢያውን ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ዛፎቹ በአጓ ቃል ቆመው የአባንግን ምርቃት ሲጠብቁ ከረሙ።

አባንግ ይህን ሁሉ የሰማችው ያን ዕለት ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ ውሸቱ የማንንም ነገር አልነካም፤ ቢበዛ ፓፓያ ነው። አሁን ግን የአንዲት ሴት ዛፎችና የእናቷ ቃል በአንድ ገመድ ታስረው የገመዱ ጫፍ በእጇ ላይ ነው። ሄዳ እውነቱን ብትናገር እናቷ በገበያው መካከል ውሸታም ትሆናለች። ሄዳ ዝም ብትል ዛፎቹ ይቆረጣሉ።

አጓ ቅዳሜን ሳትጠብቅ፣ ደመቀች የላከችላትን አንድ ቢጫ ቅርንጫፍና ሙጫ የተጋገረበት የቅርፊት ቁራጭ አምጥታ ለልጇ ሰጠቻት። አባንግ ይዛው ባሮ ዳር ወረደች፤ ኔትወርክ እዚያ ይሻላል። ሰው ልብስ ያጥባል፣ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በስልኳ በአማርኛ ፈለገች፤ የብርቱካን ጭማቂ ለጉንፋን እንደሚጠቅም አነበበች። በእንግሊዝኛ ፈለገች፤ መድኃኒት የሚሸጡ ድርጅቶች እንኳን ደህና መጣሽ አሏት። ከዚያ እንዲሁ እጇ ቀደማትና ብርቱካንን በፖርቹጊዝ ጻፈች።

መላው ብራዚል ተከፈተላት። ለካስ እዚያ አገር ብርቱካን እንደ ዘመድ ነው የሚወራለት። ስለ ቅጠሉ፣ ስለ ሥሩ፣ ስለ ሙጫው፣ ለገበሬ እንዲገባ ሆኖ፣ ያለ ኩራት ተጽፎ ተቀምጧል። አባንግ አነበበች። ፈተና ሳይኖርባት፣ መምህር ሳይጠብቃት፣ ለማወቅ ብላ ብቻ ያን ቋንቋ ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው፤ ደስታው እንባ እንባ አላት። ሙጫ የሚያለቅስ ግንድ፣ ከሥሩ የሚበሰብስ ቅርፊት፣ ቢጫ ቅጠል፤ ያ ሁሉ አለ። ምክንያቱም አለ። አንድ ቃል ብቻ አደናገራት፤ «ኮሎ» ይላል። ኮሎ አንደኛው ሴሚስተር ላይ የተማረችው ቃል ነው፤ እናት ልጇን የምታስቀምጥበት ጭን፣ እቅፍ ማለት ነው። ዛፍ ምን እቅፍ አለው ብላ ሥዕሉን አየች። ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበትን ቦታ ነው እንደዚያ የሚሉት።

ቅዳሜ እናትና ልጅ በሚኒባስ ሄዱ። አጓ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች፤ መንገድ ላይ ለአጠገቧ ተሳፋሪ ልጇ ማን እንደሆነች ነገረችው። ሰውየውም ስለ ማንጎ ጠየቀ።

ደመቀች በር ላይ ጠበቀቻቸው። «አጓዬ! ደህና ነሽ ወይ! ይችው ናት ልጅሽ? ግቡ፣ ግቡ» ብላ ስማቸው ሳታበቃ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። እንየው ከኋላ ተከተለ። መጥረቢያውን ይዟል፤ ስንጥር ልፈልጥበት ነው አለ፣ የጠየቀው ሰው ሳይኖር።

ዛፎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። ቅጠላቸው ቢጫ፣ አናታቸው የሳሳ፣ ግን እያንዳንዳቸው ከሥራቸው እስከ ጉልበት የሚደርስ የአፈር ክምር ታቅፈዋል። ክምሩ በእጅ የተስተካከለ፣ በውሃ የራሰ፣ የሚያምር ነው።

«እያቸው እስቲ» አለች ደመቀች። «አንድም ቀን አፈር ጎድሎባቸው አያውቅም። በየዓመቱ አስታቅፋቸዋለሁ። እኛ አገር፣ ወሎ፣ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ወስዶ የዛፉ ሥር እንደ ራበው ሰው አጥንት ወጥቶ ነበር። እኔ እዚህ ስመጣ፣ የኔ ዛፍ አይራቆትም ብዬ ማልሁ።»

አባንግ ተንበረከከች። ከክምሩ በላይ ሙጫው ይንጠባጠባል። አፈሩን በጣቷ ጫር ስታደርግ ቅርፊቱ ቡናማ ሆኖ፣ ላቁጦ አገኘችው። በወንዙ ዳር ያነበበችው ነገር ሁሉ ፊቷ ላይ ቆመ። ምነው የሌላ ሰው ጥፋት ባደረገው አለች በልቧ።

«እማማ ደመቀች፣ አፈሩ ነው» አለች።

«አፈሩ ምን ሆነ?»

«በዝቷል። እርጥበቱን ግንዱ ላይ አፍኖ ቅርፊቱን አበሰበሰው።»

«ማነው ያበዛው?»

እንየው ሰማይ ሰማይ አየ። አባንግ በአማርኛ ክፉ ነገር አለስልሶ መናገር ገና አልተካነችበትም።

«እርስዎ ነዎት» አለች።

ደመቀች አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «በምታምኝው አምላክ ንገሪኝ» አለች። «ብርቱካን ነው የተማርሽው?»

አዎ ብትል ያልቃል። ደመቀች ታምናለች፣ አፈሩ ይነሳል፣ መጥረቢያው ግድግዳው ላይ ይመለሳል፣ እናቷም የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን እንደለበሰች በክብር ትመለሳለች። አጓ ደግሞ አጠገቧ ቆማ፣ መልሱን እንደምታውቅ ሰው ፈገግ ብላለች። አባንግ ግን በእግዚአብሔር ስም ተጠይቃ ዋሽታ አታውቅም፤ እስከ ዛሬ የዋሸችው ሳትጠየቅ ነው።

«አይደለም» አለች። «የተማርኩት ቋንቋ ነው። ስፓኒሽና ፖርቹጊዝ። ፖርቱጋል የሚባል አገር አለ፤ ብራዚሎችም የሚናገሩት ያንን ነው።»

«ብራዚል? የኳሱ?» አለ እንየው።

«አዎ።»

«እና ኳስ ነው የተማርሽው?» ብሎ መጥረቢያውን ከትከሻው አወረደ።

አባንግ ወደ እናቷ ዞረችና በአኝዋክኛ፣ «እማ፣ የቡርቱጋል ተማሪ አይደለሁም። የአገር ስም ነው ተሳስተሽ የሰማሽው። ሳልነግርሽ ቀረሁ» አለቻት።

የአጓ ፈገግታ ጠፋ። ልጇን አየች፣ ዛፎቹን አየች፣ መጥረቢያውን አየች። አስባ ስትጨርስ ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ ጠየቀች።

«እነዚህ የብራዚል ሰዎች፣ ቡርቱጋል አላቸው?»

«ሞልቷቸዋል፣ እማ። በዓለም አንደኛ ናቸው።»

«ሲታመም ያወራሉ?»

«ይጽፋሉ።»

«የጻፉትን አንተ ታነባለህ?»

«አነባለሁ።»

አጓ ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «አንተ ደመቀች» አለች፤ «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?»

እንየው ግን፣ ከነገር የማይጎድል ሰው ነውና፣ «እሺ ስፓኒሹስ ለምን ነው?» አለ።

«ለሎሚ» አለች አጓ።

«ዝም በል አንተ» አለች ደመቀች ባሏን። ከዚያ አባንግን፦ «እስቲ መጽሐፋቸው የሚለውን እንዳለ በይልኝ። በነሱው ቋንቋ።»

«አይገባዎትም እኮ።»

«ቄሱ በግዕዝ ሲቀድሱ ገብቶኝ ያውቃል? እንዳለ በይው።»

አባንግ ቆማ፣ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ፣ «አፋስቲ ኣ ቴሃ ዱ ትሮንኩ» አለች። «ዴይሺ ኡ ኮሎ ሄስፒራር።»

«ቆሎ ምን አመጣው?» አለች ደመቀች።

«ኮሎ። እቅፍ ማለት ነው፤ የእናት እቅፍ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበትን ቦታ እንደዚያ ነው የሚሉት። አፈሩን ከግንዱ አርቂ፣ እቅፉ ይተንፍስ ነው የሚለው።»

ደመቀች ነጠላዋን አደግድጋ ተንበረከከች። ዶማ አላመጣችም፤ በእጇ ነው አፈሩን የዛቀችው። የመጀመሪያው ዛፍ ዙሪያውን ሲገለጥ ቅርፊቱ እንደ እርጥብ ወረቀት ከእጇ ጋር መጣ። አባንግ በጥፍሯ በዚህም በዚያም ፋቅ ፋቅ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች፤ ይሄ አልቋል። ደመቀች እጇን ግንዱ ላይ አሳርፋ ቆየች።

«እኔ እኮ እንዳይራቆት ብዬ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ» አለች አባንግ። አጎንብሳ ትከሻዋን ያዘቻት። አጓ በሌላው ወገን ተንበርክካ «አብሽር፣ አብሽር» አለች፤ ይህችን ቃል የተማረችው ከራሷ ከደመቀች ነው።

ሁለተኛው ዛፍ በአንድ ጎኑ በስብሷል። በሌላው ጎኑ ግን አባንግ በጥፍሯ ስትፍቀው አረንጓዴ ወጣ፤ እርጥብ፣ ጤነኛ አረንጓዴ። ደመቀች በእጇ ዳሰሰችው፣ አሸተተችው፣ እንየውንም ጠርታ አሳየችው። እንየው መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ የራቀውን አፈር በእግሩ መግፋት ጀመረ።

ሦስተኛው ዛፍ ዘንድ ሲደርሱ ደመቀች እጇን አፈሩ ላይ አድርጋ ሳትጭር ቆመች። የሚጠበቅ ነገር ያለ ይመስል አባንግን ቀና ብላ አየቻት።

«በይዋ» አለች። «ሳይባልማ እንዴት እጀምራለሁ?»

አባንግ ዓረፍተ ነገሩን ደገመችው፤ ደመቀችም መዛቅ ጀመረች። በአራተኛውም እንደዚያው ሆነ። አጓ ይህን ሁሉ ጊዜ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከንፈሯን በዝግታ እያንቀሳቀሰች ታዳምጥ ነበር። ልጇ ያን ቋንቋ ስትናገር ሰምታ አታውቅም። ወደ አምስተኛው ዛፍ ሲሻገሩ ክንዷን ያዝ አደረገቻትና፣ ደመቀች እንዳትሰማ በአኝዋክኛ፣

«እስቲ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ» አለቻት። «ገበያ ላይ ልጅሽ ምን ተማረች ሲሉኝ፣ አሁን እንኳ በትክክል ልናገር።»